ከኋላው የሚንኳኳ አሮጌ ፕራዶ፦ ሾክ ከመግዛታችሁ በፊት የሚፈተሹ ነገሮች

ከኋላው የሚንኳኳ አሮጌ ፕራዶ ጎንደር ውስጥ ጋራዥ ሲገባ በአብዛኛው የሚሰማው የመጀመሪያ ፍርድ «ሾኩ ሞቷል» የሚል ነው። ባለቤቱ ሁለት አዲስ ሾክ አብዞርበር ገዝቶ ያስገጥማል፤ ከፒያሳ ቁልቁል ኮብልስቶኑን ሲይዝ ግን ያው ድምፅ አልጠፋም። የሞተ ሾክ መኪናውን ያዋልላል፣ ከጉብታ በኋላ ደጋግሞ ያዘልለዋል። ኳኳታ የሚመጣው ግን ብዙ ጊዜ ብረትን ከብረት ለይቶ የያዘው ጎማ ሲያልቅ ነው፤ የዘንግ ቡሽ (በዘንጉ ጫፍ ያለው ባለ ጎማ ቱቦ)፣ የስታቢላይዘር ሊንክ (መኪናው በመታጠፊያ ላይ እንዳያዘነብል የሚይዘውን ብረት የሚያስረው አጭር ዘንግ)፣ የሾኩ የራሱ የጫፍ ጎማ፣ የሞላው (የጥምጥም ስፕሪንጉ) መቀመጫ ጎማ። የትኛው እንደሆነ ሳይታወቅ የሚገዛ ዕቃ ሁሉ ገንዘብ መጣል ነው።

እዚህ የምጽፈው በዋናነት በፈረንጅ አቆጣጠር ከ1996 እስከ 2002 ስለተመረተው ፕራዶ 90፣ ከእሱ ቀጥሎ ስለመጣው ፕራዶ 120 እና ስለ ላንድክሩዘር 80 ነው። የኋላ እግራቸው፣ ማለትም ጎማውን ከመኪናው ጋር የሚያገናኘው ክፍል፣ አሠራሩ አንድ ነው። ሁለቱን የኋላ ጎማዎች የሚያገናኝ አንድ ወጥ አክስል አለ፤ ሁለት ሞላና ሁለት ሾክ ይሸከሙታል። አክስሉን ከሻሲው ጋር የሚያስሩት አራት ቁመታዊ ዘንጎች ናቸው፤ ሁለቱ አጫጭር ከላይ፣ ሁለቱ ረጃጅም ከታች። አምስተኛው ፓናርድ የሚባለው የአግድም ዘንግ አክስሉ ወደ ጎን እንዳይሸሽ ይይዛል። እያንዳንዱ ዘንግ በሁለት ጫፉ ቡሽ አለው፤ በጠቅላላ 10 ቡሽ። በዚህ ላይ የስታቢላይዘሩ ብረት፣ ሁለት ሊንኮቹና እሱን የሚያቅፉት ጎማዎች ይጨመራሉ። አንዳንድ ፕራዶ 120 ከኋላ በሞላ ፋንታ የአየር ከረጢት ስላለው ለእሱ ስለ ሞላ የምለው አይሠራም፤ ስለ ቡሽ የምለው ግን ይሠራል።

የመጀመሪያው ሱዙኪ ቪታራ የተለየ ነው። ከታች ሁለት ዘንግ አለው፤ ከላይ ደግሞ በዲፈረንሻሉ (ኃይልን ለሁለቱ ጎማዎች በሚያካፍለው የማርሽ ቤት) ራስ ላይ በአንድ ቦል ጆይንት የሚያርፍ ሦስት ማዕዘን ክንድ አለው። ነዳጅ ስትሰጡና ስትለቁ ከመኪናው መሃል «ጓ» የሚል ቪታራ ካላችሁ መጀመሪያ ያንን ቦል ጆይንት እዩ።

መኪናውን ባዶ አድርጉ፣ እጠቡት

ፍተሻው ከሻሲ ሥር አይጀምርም። ክሪኩን ከነዘንጉ፣ የጎማ መፍቻውን፣ ጀሪካኑን፣ የሦስተኛውን ረድፍ ወንበር አውጡ። እስኮርታው በኋላ በር ላይ የተሰቀለ ከሆነ እሱንም ፍቱት። ያ ክብደት በሩን ለዓመታት ወደ ታች ስለሚጎትተው ማጠፊያውና የመቆለፊያው መያዣ ይላላሉ፤ በኮብልስቶን ላይ የሚሰጡት ድምፅ ከእግር ከሚመጣው ጋር በጣም ይመሳሰላል። በሩ ተዘግቶ እያለ ጫፉን ይዛችሁ ወደ ላይ ለማንሳት ሞክሩ፤ ከተንቀሳቀሰ አንዱን ድምፅ አገኛችሁ። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ማርሚታውን በእጃችሁ ነቅንቁ፤ የተንጠለጠለበት ጎማ ተበጥሶ ከሻሲው ወይም ከአክስሉ ጋር የሚጋጭ ማርሚታ ብዙ ሰው ቡሽ አስቀይሯል። የእጅ ፍሬን ገመዱ ብረት ላይ የሚመታ ከመሰላችሁ ደግሞ የአሮጌ ከመነዳሪ ቁራጭ ጠቅልሉበትና ንዱ፤ ድምፁ ከጠፋ ገመዱ ነበር ማለት ነው።

ከዚያ ሥሩን በደንብ አሳጥቡ። በክረምት በደንቢያ በኩል ቆላ ድባ ወይም ጎርጎራ ደርሶ የተመለሰ መኪና ዋልካ ጭቃው በሞላው መቀመጫ፣ በዘንጎቹ ጆሮ (ዘንጉ በቡሎን በሚታሰርበት የብረት መያዣ) እና በቸርኬው ውስጠኛ ክፍል ተጠቅጥቆ ይደርቃል። የደረቀ ጭቃ የተሰነጠቀ ብረትን ይሸፍናል፣ የተሰበረ የሞላ ጫፍን ይደብቃል። ቸርኬው ውስጥ የቀረው ደግሞ ጎማውን ሚዛን ያሳጣዋል፤ በአዘዞ አስፋልት ላይ ፍጥነት ስትጨምሩ የሚመጣ መንቀጥቀጥ መነሻው እሱ ሊሆን ይችላል።

ከታጠበ በኋላ ገና ምንም ሳይፈታ በባትሪ ብርሃን ሁለት ነገር ፈልጉ። የሚያብለጨልጭ ብረት ካለ የሆነ ነገር እየመታው ወይም እየፈተገው ነው። በቡሎን ራስ ዙሪያ ቀይ የዝገት ዱቄት ካለ ደግሞ ያ ቡሎን ጥብቅ አይደለም፤ ቦታው ላይ እየተንቀሳቀሰ ነው። እነዚህ ሁለት ምልክቶች ከማንኛውም መካኒክ ግምት ይበልጥ ይታመናሉ።

ድምፁ መቼ ይመጣል?

ሁለት ሰው ሁኑ። አንዱ ይንዳ፣ ሌላው የኋላው ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ያዳምጥ። ሻሲ ድምፅን ከአንድ ጫፍ ወደ ሌላው ስለሚያስተላልፍ ከቀኝ የመጣ የሚመስለው ከግራ ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ ጆሮ የሚነግራችሁን ጎን አትመኑ። ድምፁ የመጣበትን ሁኔታ ግን እመኑ።

በዝግታ በኮብልስቶን ላይ ስትነዱ «ተክ ተክ ተክ» የሚል ፈጣንና ቀላል ድምፅ ካለ፣ ሳትቆሙ የፍሬን ፔዳሉን በትንሹ ነካ አድርጋችሁ ያዙ። ድምፁ ወዲያው ከጠፋ ችግሩ ከፍሬን ነው፤ ባለ ዲስክ ከሆነ የካሊፐሩ ተንሸራታች ፒኖች ወይም የሸራዎቹ መያዣ ስፕሪንጎች፣ ባለ ታምቡር ከሆነ የውስጥ ስፕሪንጎቹ። ይህ ፈተና ምንም አያስወጣም፤ ብዙ ጊዜ ግን ሳይሞከር ይታለፋል።

ፍሬን ተይዞም ድምፁ ከቀጠለ ተጠርጣሪው የስታቢላይዘር ሊንክ ነው። ሁለቱንም ሊንክ ከአንድ ጫፋቸው ፍቱ፤ አንዱን ብቻ መፍታት ብረቱን በሌላው በኩል እንደታሰረ ይተወዋል። ብረቱ ከፍሬን ቱቦ ጋር እንዳይነካካ ወደ ላይ እሰሩትና በዚያው መንገድ፣ በዚያው ፍጥነት ንዱ። ድምፁ ከጠፋ ሊንኩ ወይም የስታቢላይዘሩ ጎማ ነው። በዚህ ሁኔታ መኪናው በመታጠፊያ ላይ ከወትሮው በላይ ያዘነብላል፤ ሰፈር ውስጥ ቀስ ብላችሁ ብቻ ንዱ፣ ወደ ጎሃ አቀበት ወይም ወደ ደባርቅ መንገድ እንዳትወጡ። ሊንክ ሲቀየር ግራና ቀኙ አብሮ ይቀየር።

ስትነሱ፣ ፍሬን ስትይዙ ወይም ማርሹን ከዲ ወደ አር ስትቀይሩ አንድ ጊዜ «ጓ» የሚል ከሆነ ወደ ቁመታዊ ዘንጎቹ ቡሽና ወደ ካርዳኑ (ኃይልን ወደ ኋላ አክስል ወደሚያደርሰው የሚዞር ዘንግ) ሂዱ። ሁለቱን ለመለየት መጀመሪያ ካርዳኑን ግሪስ አድርጉ፤ ሊቲየም ቤዝ ቁጥር 2 ግሪስ ይበቃል። ክሮቸራዎቹ (የካርዳኑ የመስቀል መገጣጠሚያዎች) ላይ አዲስ ግሪስ በጠርዛቸው ብቅ እስኪል ድረስ በፓምፕ ስጡ። ካርዳኑ በርዝመት የሚንሸራተትበት ጥርስ ላይ ግን ጥቂት ብቻ ስጡ፤ ከበዛ ግሪሱ ራሱ እንቅስቃሴውን ያግዳል። ቆማችሁ ስትነሱ ከኋላ የተመታችሁ የሚመስል ግፊት ካለ ደግሞ መነሻው ብዙ ጊዜ ያ የደረቀ ጥርስ ነው።

ትልቅ ጉድጓድ ወይም የፍጥነት መግቻ ላይ ብቻ የሚመጣ ወፍራም «ድው» የሾክ ጫፍ ጎማ፣ የደከመ ሞላ፣ የረገፈ የአክስል ማቆሚያ ጎማ ወይም ቦዲውን ከሻሲው የሚለየው ጎማ ሊሆን ይችላል። ቀስ ብሎ ሲጢጥ የሚል ድምፅ የደረቀ ወይም ጠማማ ሆኖ የታሰረ ቡሽ ነው። ይህኛው በውሃ ይገኛል፦ አንዱን ቡሽ በውሃ አርሱ፣ የኋላውን ወገን ተጫኑ፣ ካልተለወጠ ወደሚቀጥለው እለፉ። የአንዱ መራስ ድምፁን ለጥቂት ደቂቃ ካጠፋው ተገኝቷል። ናፍጣ ወይም የተቃጠለ ዘይት የሚረጭላችሁን ሰው ግን አስቁሙ። ለጊዜው ዝም ያሰኛል፤ ጎማውን ግን ያሳብጠዋል፣ ያለሰልሰዋል፣ ቡሹም ከብረቱ ይላቀቃል።

ከፍጥነት ጋር አብሮ የሚጨምር «ሁም» የሚል ድምፅ የእግር ጉዳይ አይደለም። ጎማ፣ የሴሚያስ (ጎማውን የሚያዞረው ግማሽ አክስል) ኩሽኔታ ወይም ዲፈረንሻል ነው።

መኪናው ሥር ስትገቡ

ከተማችን ተዳፋት ስለሆነች መጀመሪያ እውነተኛ ሜዳ ፈልጉ። የእጅ ፍሬን የሚይዘው የኋላ ጎማዎችን ነው፤ እነሱን ካነሳችኋቸው መኪናውን የያዘው ነገር የለም። አውቶማቲክ ማርሽ ፒ ላይ መሆኑም አይበቃም፤ አንዱ የኋላ ጎማ ከመሬት ሲነሳ በዲፈረንሻሉ አማካይነት በነፃ ይዞራል፣ መሬት ላይ ያለውም ሊንከባለል ይችላል። የፊት ጎማዎችን ከፊትም ከኋላም ታኮ አድርጉባቸው። መኪናውን በክሪክ ብቻ ይዛችሁ ፈጽሞ እንዳትገቡ፤ አክስሉን ወይም ሻሲውን በጠንካራ የብረት መደገፊያ ላይ አስቀምጡ። ድንጋይና ብሎኬት መደገፊያ አይደሉም፤ ብሎኬት ሳያስጠነቅቅ ይፈረከሳል።

ለቡሽ ፍተሻ ግን ጎማው መሬት ላይ፣ ክብደቱ እግሩ ላይ ቢሆን ይሻላል። እነዚህ መኪኖች ከፍ ያሉ ስለሆኑ ሳይነሱም ሥራቸው ይገባል። 60 ሳንቲ ሜትር ያህል የሚረዝም መፈንቀያ ብረት በዘንጉና በሻሲው ጆሮ መካከል አስገብታችሁ ወደ አራቱም አቅጣጫ ጫን ጫን አድርጉ። ጤነኛ ቡሽ ትንሽ ይሰጣል፣ ስትለቁት ይመለሳል። የላዩ ቆዳ ጭረት ያለው መሆኑ ብቻውን ለመቀየር ምክንያት አይሆንም። ጎማው ከውስጥ ወይም ከውጭ ቱቦው ከተላቀቀ፣ ዘንጉ ወደ አንድ ወገን ወድቆ ከተቀመጠ ወይም «ቀጭ» የሚል የብረት ድምፅ ከሰጠ ግን አልቋል።

ፓናርዱን ለማየት አንድ ሰው ቆሞ የመኪናውን የኋላ ወገን በጎን በኩል ይግፋ፣ ይልቀቅ። እናንተ የዘንጉን ሁለት ጫፎች ተመልከቱ። ቡሎኑ ከጆሮው ቀዳዳ ውስጥ የሚጫወት ከሆነ ቀዳዳው ሞላላ ሆኗል፤ ማጥበቅ ለጥቂት ቀን ያስታግሰው እንጂ አያድነውም። ትክክለኛው ሥራ ቀዳዳውን በልኩ የተቆረጠ ወፍራም ሮንዴላ በመበየድ ወደ መጠኑ መመለስና አዲስ ቡሎን ማስገባት ነው። ጆሮው ከሻሲው የተበየደበትን መስመርም በብሩሽ አጽድታችሁ እዩ፤ ቀጭን የዝገት መስመር ካለ ስንጥቅ ነው። ብየዳ ከመጀመሩ በፊት የባትሪው ገመድ ይነቀል፣ በአቅራቢያ ያለው የነዳጅ ታንከርና የፍሬን ቱቦ ይጠበቅ።

ላላ ያለ ግን በእጅ የማይታወቅ ቡሎን ካጋጠማችሁ በዳዶው፣ በሮንዴላውና በጆሮው ላይ አንድ ቀጥ ያለ የቀለም መስመር አስምሩ። ጥቂት ኪሎ ሜትር ንዱና ተመለሱ፤ መስመሩ ከተሰበረ መልሱን አገኛችሁ።

ሾኩና ሞላው

ሾኩ ላይ ቀጭን የዘይት ላብና የተጣበቀበት አቧራ ቢኖር አያስደነግጥም። እስከ ታች የረጠበና የሚያንጠባጥብ ከሆነ ግን ይቀየር። ከመፍታታችሁ በፊት ይህን አስታውሱ፦ በነዚህ መኪኖች አክስሉ ወደ ታች እንዳይወርድ የሚገታው ሾኩ ራሱ ነው። አክስሉ በክሪክ ሳይደገፍ ሾኩን ብትፈቱ አክስሉ ይወርዳል፣ ሞላው ከመቀመጫው ሊወጣ ይችላል፣ የፍሬን ቱቦውም ይወጠራል። ደግፉና ፍቱ።

የተፈታውን ሾክ እንደ አቀማመጡ ቀጥ አድርጋችሁ ያዙ፤ እስከ መጨረሻው አራት አምስት ጊዜ ጫኑና ዘርጉ፣ ከዚያ በኋላ ያለውን ስሜት ተከታተሉ። አቅጣጫ ሲቀይር ባዶ የሚሄድበት ቦታ ካለው ድምፁ ከውስጡ ነው። ሁሉም ወጥ ከሆነ ሾኩ ደህና ነው፤ የጫፍ ጎማዎቹን ብቻ ቀይሩ። የላይኛው ጫፉ ፒን ከሆነ ቅደም ተከተሉ ጎድጓዳ ሮንዴላ፣ ጎማ፣ የሻሲው መያዣ፣ ጎማ፣ ጎድጓዳ ሮንዴላ፣ ዳዶ፣ ማሰሪያ ዳዶ ነው። አዲስ ሾክ ከተገጠመ በኋላ ድምፅ የሚቀጥልበት ዋና ምክንያት እዚህ ነው፦ አንዱ ሮንዴላ ተረስቷል፣ ተገልብጧል ወይም ዳዶው ቦታው ጠባብ ስለሆነ እስከ መጨረሻ አልደረሰም። ጎማው ተጨፍልቆ እስኪወጣ ማጥበቅም ጥፋት ነው፤ ቶሎ ይቀደዳል።

ሞላውን በሜትር መርምሩ። ሜዳ ላይ ቆሞ፣ የጎማ ነፋስ እኩል ሆኖ፣ ከቸርኬው መሃል እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ግራና ቀኝ ለኩ። ልዩነቱ ከ2 ሳንቲ ሜትር ካለፈ አንዱ ሞላ ደክሟል ወይም ተሰብሯል። ስብራቱ ብዙ ጊዜ ጭቃ በሚቋጥረው የመጨረሻ ጥምጥም ላይ ስለሆነ ዙሪያውን በጣት ዳስሱ። የላይኛው መቀመጫ ጎማ መኖሩን፣ የሞላው ጫፍም በመቀመጫው መጀመሪያ ላይ መግጠሙን እዩ። በአንዳንድ ሞዴል የግራና የቀኝ ሞላ ስለሚለያዩ ስትፈቱ ምልክት አድርጉ።

የአክስል ማቆሚያው ጎማ አዲስ የተመታ ምልክት ካለው ደግሞ ጭነቱን አስቡ። ሰባት ሰውና የጣሪያ ዕቃ ይዞ በአምባጊዮርጊስና ዳባት በኩል ወደ ስሜን የሚመላለስ መኪና በደከመ ሞላ ላይ ከሆነ በየጉድጓዱ ይመታል። በሞላው ጥምጥም መካከል የጎማ ቁራጭ መጠቅጠቅ ከፍ ያደርገዋል፣ ሸክሙን ግን ወደ ቀሪዎቹ ጥምጥሞች ስለሚገፋው ስብራት ያፋጥናል። እኔ በፍጹም አልመክረውም።

ቡሹ ሲቀየር የሚፈጸመው ትልቁ ስህተት

አዲስ ቡሽ በጥቂት ወር ውስጥ ሲቀደድ ሰው ዕቃውን ይረግማል። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የአስተሳሰሩ ነው። የእነዚህ ዘንጎች ቡሽ እንደ ኩሽኔታ አይዞርም። የውስጥ ቱቦው በቡሎኑ ከጆሮው ጋር ጥብቅ ብሎ ይታሰራል፤ የውጭው ቱቦ ዘንጉ ውስጥ ተጠቅጥቋል፤ አክስሉ ሲወጣና ሲወርድ እንቅስቃሴውን የሚሸከመው በሁለቱ መካከል ያለው ጎማ እየተጠመዘዘ ነው። ስለዚህ ቡሎኑ የሚጠብቅበት ቅጽበት የጎማውን የዕረፍት ቦታ ይወስናል። መኪናው በክሪክ ተነስቶ፣ አክስሉ ተንጠልጥሎ ቢጠብቅ፣ መሬት ላይ ሲወርድ ጎማው ቆሞም ተጠምዝዞ ይውላል፤ ጉድጓድ ሲመጣ ከአቅሙ በላይ ይጠመዘዛል። መጀመሪያ ሲጢጥ ይላል፣ ቀጥሎ ይቀደዳል።

ትክክለኛው አሠራር ይህ ነው። ዘንጎቹን አስገቡ፣ ቡሎኖቹን በእጅና በቁልፍ እስኪነኩ ብቻ ሂዱ። መኪናውን መሬት ላይ አውርዱ። የኋላውን ወገን ብዙ ጊዜ ጫን ጫን አድርጋችሁ ልቀቁ፤ ጥቂት ሜትር ወደ ፊትና ወደ ኋላ አንቀሳቅሱ። ከዚያ ክብደቱ ጎማው ላይ እንዳለ ሥሩ ገብታችሁ በቶርክ ቁልፍ (የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካ ቁልፍ) አጥብቁ። መጠኑን ከሞዴላችሁ መመሪያ ውሰዱ፤ የዘንጎቹ ቡሎኖች ብዙዎቹ ከ100 ኒውተን ሜትር በላይ ስለሚፈልጉ በአጭር ቁልፍ «በቃ ጠብቋል» የሚባል ነገር አይደለም። ፓናርዱም በዚሁ መንገድ ይጠበቅ።

ቡሽ ሲወጣና ሲገባ ቶርኖ ቤት ፕሬስ ላይ ይሠራ። አሮጌውን በእሳት ማቃጠል የተለመደ ነው፤ ጭሱ መርዝ ነው፣ ከሁሉም በላይ የዘንጉን ብረት ያሞቃል። የውጭ ቱቦውን በመጋዝ በጥንቃቄ ሰንጥቆ ማውጣት ይሻላል። አንዳንድ ቡሽ ጎማው ውስጥ ክፍተት ስላለው አቅጣጫ አለው፤ አሮጌው ከመውጣቱ በፊት ክፍተቱ ወዴት እንደሚያይ ዘንጉ ላይ ምልክት ይደረግ። ስታስገቡ የሳሙና ውሃ ተጠቀሙ፤ ግሪስና ዘይት አይደለም።

ከጎማ ፍንካች ወይም ከናይለን በቶርኖ የተቀረጸ ቡሽ ርካሽ ነው። አንዱ ጎማ ጉድጓድ ሲገባ ሌላው ሲነሳ አክስሉ መጠማዘዝ አለበት፤ ደረቅ ቡሽ ያንን ስለሚከለክል ጉልበቱ ወደ ሻሲው ጆሮ ይሄዳል፤ በመጨረሻ የሚሰነጠቀው ጆሮው ነው። ፖሊዩረቴን ቡሽ ከዚያ የተሻለ ቢሆንም ይጠነክራል፣ የራሱ ግሪስ ካልተደረገለትም ይጮሃል። ለእኛ ኮብልስቶንና ጠጠር መንገድ ኦሪጅናል ዓይነቱን ጎማ እመርጣለሁ። ገንዘቡ ለ10ሩም በአንዴ ካልበቃ የተላቀቁትን ቀይሩ፤ ግን አንድ ዘንግ ሲፈታ ሁለቱም ጫፉ፣ የግራው ሲቀየር የቀኙ ጓደኛው አብሮ ቢሠራ ሁለተኛ የእጅ ዋጋ ያድናል።

ዕቃውን ከዚሁ ከጎንደርም ግዙት፣ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ሰው ልካችሁም አስፈልጉት፣ «የፕራዶ ቡሽ» ብላችሁ አትላኩ። ሞተር ክፍሉ ውስጥ ካለው ሳህን ላይ የሞዴል ኮዱን ጻፉ፤ ኬዜድጄ 95፣ ኬዲጄ 120 የሚለውን ዓይነት። አብሮ የውጭውን ዲያሜትር፣ የቡሎኑን ቀዳዳና የቱቦውን ርዝመት በካሊፐር ለክታችሁ ፎቶ ጨምሩ። የውስጥ ቱቦው በ2 ሚሊ ሜትር ካጠረ ቡሎኑ ጆሮውን ይጨምቃል እንጂ ቡሹን አይይዝም።

ባለ ባሌስትራ (የተደራረበ የብረት ቅጠል ስፕሪንግ) ላንድክሩዘር 70 ወይም ሃይሉክስ ላላችሁ ፍተሻው አጭር ነው፦ የሻክሉ (የባሌስትራው ጫፍ የሚንጠለጠልበት ማንጠልጠያ) ቡሾች፣ በባሌስትራው መሃል ያለው ቡሎን፣ አክስሉን የሚያቅፉት የዩ ቅርጽ ቡሎኖች። የመሃሉ ቡሎን ከተቆረጠ አክስሉ ወደ ኋላ ወይም ወደ ፊት ይሸሻል፤ ግራና ቀኝ ከአክስሉ እስከ ባሌስትራው የፊት ፒን በመለካት ይታወቃል። የተሳቡ የዩ ቡሎኖችን መልሳችሁ አትሰሩባቸው።

ሥራው ካለቀ በኋላ 500 ኪሎ ሜትር ያህል ስትነዱ ሁሉንም ቡሎን፣ እንደገና መሬት ላይ እንደቆመ፣ በቶርክ ቁልፍ ፈትሹ። የዩ ቡሎኖችና የሾክ የላይኛው ዳዶ አብዛኛውን ጊዜ ትንሽ ይሰጣሉ።